በሁለታችን መካከል የወደቀችው ላባ

ዴጆን፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1986

የተከበሩ አክስቴ ማልሱን፣

በረዶው ቀልጦ ጭቃው ብቻ በቀረበት በዚህ ወቅት ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የቦኹም ብርድ አጥንት ድረስ እንደሚዘልቅ አባቴ ነግሮኛል፤ እባክዎ ወገብዎን ይሸፍኑ። አባቴ ደህና ነው። እዚያው መንደራችን ቦልግዮ ላይ ከባሕሩ ጭቃ ውስጥ ዛጎል እየለቀመ፣ ጀርባዬን ጀርባዬን እያለ፣ ሐኪም ቤት ሂድ ሲሉት እየተቆጣ፣ እንደሚያውቁት ነው።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ የምሥራች አለኝ። እዚህ ዴጆን ያለ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በባድሜንተን ቡድኑ ውስጥ ተቀብሎኛል። ገና ሃያ ዓመቴ ነው፤ ከቡድኑ ታናሾች አንዷ ነኝ። የምጫወተው ጥንድ ሆኜ ሲሆን ተጣማሪዬ ቻ ጁራን ትባላለች። ትባላለች ማለቴን ይቅር ይበሉኝ፣ ይባላሉ። በሰባት ዓመት ይበልጡኛል። በቡድኑ ሥርዓት ታናሽ የታላቋን ልብስ ታጥባለች፣ ራኬቷን ትሸከማለች፣ ከእሷ በፊት ማንኪያ አታነሳም። እትዬ ጁራን ግን ካልሲያቸውን አይሰጡኝም። «የራስሽ አይበቃሽም? እሱም እኮ ይሸታል» ብለው ይስቁብኛል።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነበር። ጀርመን አገር ለጉልበት የሚሆን ጥሩ ቅባት አለ ይባላል። አንድ ቆርቆሮ ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል። የታመመ ሰው ኖሮ ሳይሆን፣ እንዲሁ መኝታ ቤት ውስጥ ቢኖር መልካም ነው ብዬ ነው።

እጅ የምትነሳዎ የወንድምዎ ልጅ፣
ሶዳም


ቦኹም፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1986

ሶዳም፣

እኔ ደህና ነኝ፣ ወገቤም ተሸፍኗል። አንቺም ደህና ሁኚልኝ፣ ክፉ አይንካሽ። እንኳን ደስ አለሽ! በላባ ኳስ ለሚጫወት ሰው ደሞዝ የሚከፍል ፋብሪካ አለ ብዬ አስቤ አላውቅም። እኔ በልጅነቴ ያን ሁሉ ዶሮ ስነጭ አንድም ሰው አልከፈለኝም።

ቅባቱን ልኬልሻለሁ። እዚህ የፈረስ ቅባት ይሉታል። ድሮ ለፈረስ ጉልበት ነበር አሉ፤ አሁን የሰፈሬ አሮጊቶች ሁሉ ይቀቡታል። ስትቀቢ ዐይንሽን እንዳትነኪ። እኔ ነክቼ ሁለት ሰዓት ሳለቅስ ጎረቤቴ ሰው ሞቶባት ነው ብላ ኬክ አመጣችልኝ። ኬኩ ጥሩ ስለነበር እውነቱን አልነገርኳትም።

አሁን ንገሪኝ፤ ጉልበቱ የማን ነው? ወንድሜ «የሶዳም እግር የፍየል እግር ነው፣ ድካም አያውቅም» ብሎ ጽፎልኛል። እኔ ደግሞ አሥራ አምስት ዓመት በሽተኛ ሳገላብጥ የኖርኩ ነርስ ነኝ። «እንዲሁ ቢኖር መልካም ነው» የሚለኝ ሰው ሁሉ ከኋላው የደበቀው በሽተኛ አለ።

ለቅባቱ ምላሽ የቦልግዮ በርበሬ ላኪልኝ። የዚህ አገር በርበሬ ቀለም ብቻ ነው። ደግሞ ወንድሜ ስለ ጀርባው የሚጽፍልኝ ውሸት ስለሆነ እውነቱን ከአንቺ እጠብቃለሁ።

አክስትሽ ማልሱን


ዴጆን፣ ነሐሴ 17 ቀን 1986

የተከበሩ አክስቴ፣

ሙቀቱ በበረታበት በዚህ ወር ሰላምዎ ይብዛ። መልስ ሳልሰጥ አራት ወር በማለፉ አፍሬአለሁ። ቅባቱ በሰላም ደርሶኛል። በርበሬውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ። የአባቴ ጀርባ እሱ ከሚለው ትንሽ ይብሳል፣ ጎረቤት ከሚለው ትንሽ ይሻላል።

በዚህ ወቅት ሁለት ውድድር አሸንፈናል። ሦስተኛው ላይ ግን ለፍጻሜ ልናልፍ አንድ ጨዋታ ሲቀረን ተሸነፍን፤ የተሸነፍነውም በእኔ ምክንያት ነው። እርስዎ ጨዋታውን ስለማያውቁት ላስረዳዎ። ላባዋ በሁለት ተጣማሪዎች መካከል ስትመጣ የምትመታት ሰው «የኔ!» ብላ መጮህ አለባት። ያኔ ሌላዋ መንገድ ትለቃለች። እትዬ ጁራን «የኔ!» ሲሉ ምንም ችግር የለም። እኔ ግን ለታላቄ እንዲህ ባጭሩ «የኔ!» ብዬ አልጮህም፤ ነውር ነው። በሥርዓቱ የምለው «ለእኔ ይተዉልኝ» ነው። ይተዉልኝ ብዬ እስክጨርስ ላባዋ መሬት ናት።

አሰልጣኝ ፒዮ ሰዓት ይዘው ለኩኝ። «ያንቺ ትሕትና አንድ ሙሉ ሰከንድ ይፈጃል። ላባዋ ግማሽ ሰከንድም አትጠብቅሽም» አሉ። «ታዲያ የኔ ልበል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እሱን ከታላቅሽ ጋር ተነጋገሩበት» ብለው ሄዱ። እንዴት ነው የምነጋገረው? አንቱታን ማንሳት የታላቅ ፈንታ ነው፤ ታናሽ ተነስታ አንቺ ልበልዎ ወይ አትልም።

በመጨረሻዋ ነጥብ ላባዋ መሐል ለመሐል መጣች። እኔ እሳቸውን ጠበቅሁ፣ እሳቸው እኔን ጠበቁ፣ ሁለታችንም ቆመን ስትወድቅ አየናት። ሌላ ጊዜ ቢሆን እትዬ ጁራን ይደርሱባት ነበር። ስለዚህ ብዙ አልጽፍም።

የቅባቱ ቆርቆሮ አልቋል።

ሶዳም


ቦኹም፣ መስከረም 5 ቀን 1986

ሶዳም፣ ልጄ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን፣ ለዚያ ለማይናገሩለት ጉልበትም ምሕረት ይምጣለት። አንድ ቆርቆሮ በአራት ወር! ፈረሱ ራሱ ይህን ያህል አይቀባም። ሌላ ልኬያለሁ።

ደብዳቤሽን መጀመሪያ ሳነብ ሳቅሁ። ሁለተኛ ሳነብ ግን መሳቅ አቃተኝ። ለአባትሽም ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ነገር ልንገርሽ።

እዚህ አገር በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት ከእትዬ ቦንግኒም ጋር ነበር የምሠራው። እሷም የአገራችን ልጅ ናት፣ በአምስት ዓመት ትበልጠኛለች። አንድ ሽማግሌ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ነበር፤ ግዙፍ ሰው፣ ጨዋታ አዋቂ፣ እኔን «ትንሿ» ይለኝ ነበር። ከአልጋ ወደ ወንበር ስናዛውረው በእሷ በኩል ሲንሸራተት አየሁ። «ያዢው!» ማለት ነበረብኝ። ለታላቅ ያዢው አይባልማ። «እትዬ፣ እባክዎ ቢይዙልኝ» ልል አፌን ከፈትኩ። ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ ሰውዬው ወለሉ ላይ ነበር። ዳሌው ተሰበረ፤ ከዚያ በኋላ ከአልጋ አልተነሳም። እትዬ ቦንግኒም ጥፋቱን በራሷ ላይ ወሰደች፣ እኔም ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል፣ ሶዳም።

ያንቺ ላባ ናት፣ ትነሳለች። ቢሆንም ጁራንን አንቺ ልበልዎ ብለሽ ጠይቂያት። ታናሽ እንደማትጠይቅ አውቃለሁ፤ ከእኔ ይልቅ የሚያውቀው የለም። አንቺ ግን ጠይቂያት።

በርበሬው አስነጠሰኝ፣ ተባረኪ። ሌላ አላስቸግርሽም፤ የምጠይቅሽ ቶሎ እንድትጽፊ ብቻ ነው።

ማልሱን


ዴጆን፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 1986

የተከበሩ አክስቴ፣

አሮጌው ዓመት ሊወጣ ነው፤ አዲሱ ለእርስዎ የጤና ይሁንልዎ። ቶሎ እንድጽፍ ጠይቀውኝ ነበር፣ አልጻፍኩም። የነገሩኝን ነገር ደጋግሜ አንብቤ ምን ብዬ እንደምመልስ ጠፋኝ። እርስዎ ክፉ ሰው አይደሉም። ሌላ የተሻለ ቃል አጥቼ ነው።

እትዬ ጁራንን አልጠየቅኋቸውም። ሦስት ጊዜ ልጀምር ብዬ ሦስቱንም ጊዜ ስለ አየሩ አወራሁ።

አሁን ነገሩ ከፍቷል። በግንቦት ወር የብሔራዊ ቡድን ምርጫ አለ። ባለፈው ሳምንት አሰልጣኝ ፒዮ ለብቻዬ ጠሩኝና «ከናም ጂሱክ ጋር ላጣምርሽ አስቤአለሁ፤ እኩያሽ ናት፣ እንደ ልብሽ ትጮሂባታለሽ» አሉኝ። ጂሱክ ጎበዝ ናት፣ የሚወጣላት እንከን የለም። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የጁራን ጉልበት እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«አላውቅም» አልኩ።

አክስቴ፣ በየማለዳው ጉልበታቸውን በፋሻ የማስርላቸው እኔ ነኝ። ከታወቀ ከቡድኑ ይወጣሉ። ሃያ ሰባት ዓመታቸው ነው፣ ይህ ምርጫ የመጨረሻቸው ነው። እኔም ብሔራዊ ቡድን መግባት እፈልጋለሁ። ስጽፈው ያሳፍረኛል፣ ግን በጣም እፈልጋለሁ። የምፈልገው ደግሞ ከእሳቸው ጋር ነው። ሁለቱ አብረው የማይሆኑ ከሆነ የትኛውን እንደምመርጥ ገና አላወቅሁም።

እባክዎ ቅባት ይላኩልኝ። ምክር አይላኩልኝ።

ሶዳም


ቦኹም፣ ጥር 14 ቀን 1987

ሶዳም፣

እንኳን አዲሱ ዓመት በጤና አደረሰሽ። ምክር አይላኩልኝ ብለሻል፣ አልላክሁም። እጄን ግን ዝም ማሰኘት አልቻልኩም።

ቅባቱን በአንቺ ስም መላኬ ለካ ነውር ነበር! ለታናሽ የሚሄድ ስጦታ በታላቋ ስም እንደሚላክ ፈረንጅ አገር ተቀምጬ ረሳሁት። እትዬ ጁራንሽ «ይህቺ አክስት አላዋቂ ናት» ብላ ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱን አዲስ ቆርቆሮ በእሷ ስም አድርጌ ላክሁ። «ጉልበትዎን ጠዋትና ማታ ይቀቡ፣ እግዜር ይማርዎ» የሚል አንድ መስመርም ጨመርኩበት። አሁን ነገሩ መልክ ያዘ። አመስግኚኝ።

ማልሱን


ዴጆን፣ የካቲት 20 ቀን 1987

የተከበሩ አክስቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ከማመስገኔ በፊት የሆነውን ልንገርዎ።

ከአዲሱ ዓመት ወዲህ ለመኝታ ቤታችን የሚመጣውን ጥቅል ሁሉ አሰልጣኝ ፒዮ ናቸው የሚከፍቱት። የከረሜላና የፍቅር ደብዳቤ ፍራቻ ነው። ሁለታችንንም ቢሮ አስጠሩን። ጠረጴዛው ላይ ፈረስ የተሳለባቸው ሁለት ቆርቆሮዎችና የእርስዎ ጽሑፍ ነበሩ።

«መኝታ ቤት ፈረስ አስገብታችኋል እንዴ?» አሉ። ከዚያ ሳቃቸው ጠፋ። «ይህ የማን ነው?»

እትዬ ጁራን አፋቸውን ከፈቱ። ሊናገሩ ነበር፤ ፊታቸው ላይ አየሁት።

«የኔ!» አልኩ።

ጮኼ ነው ያልኩት። ከእትዬ ጁራን ቀድሜ፣ አሰልጣኝ ፊት፣ ነው ሳልል፣ ጌታዬ ሳልል። «ላኪዋ አክስቴ ናቸው፤ ለታላቄ ክብር ሲሉ በእሳቸው ስም ላኩት። የታመመው የኔ ጉልበት ነው» ብዬ ጨመርኩ። አሰልጣኝ ፒዮ «የትኛው?» አሉ። «የግራ» አልኩ። «ሂጂ እስቲ ተራመጂ።» ተራመድኩ። «ስታነክሺ የምትታዪው በቀኝሽ ነው» አሉኝ። ቢሆንም አላጋለጡኝም። «የታመመ ጉልበት ሁለት ሳምንት አግዳሚ ላይ ይቀመጣል» ብለው ፈረዱብኝ።

ስለዚህ ሁለት ሳምንት ደህናውን ጉልበቴን በፋሻ ጠምጥሜ፣ እንደ ፈረስ ጋጣ እየሸተትኩ ተቀመጥኩ። እትዬ ጁራን ደግሞ በታመመው ጉልበታቸው ከጂሱክ ጋር ሲዘሉ ዋሉ። ላድናቸው ብዬ ይባስ አደረግሁባቸው። ቁጭ ብሎ ማየቱ እንዴት እንዳቃጠለኝ ልነግርዎ አልችልም።

የቅጣቴ ቀን ሲያልቅ እትዬ ጁራን ልብስ ማጠቢያው ጋ አገኙኝ።

«ማን አዞሽ ነው?» አሉ።

«ማንም።»

«ማንም! አጭር ቃል ከአፍሽ ይወጣል ለካ። ዓመት ሙሉ ይተዉልኝ፣ ይተዉልኝ ስትይ አፍሽ ለአጭር ቃል አልተሠራም ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር።» ካልሲያቸውን ጨምቀው አሰጡ። «ከነገ ጀምሮ ሜዳ ውስጥ አንቺ በዪኝ። ከነጩ መስመር ስትወጪ አንቱ። ከተምታታብሽ የቡድኑን ካልሲ ሁሉ አሳጥብሻለሁ።»

«ለምን እስከ ዛሬ አላሉኝም?» ብዬ ጠየቅሁ።

ሳሙናውን አነሱ። «እኔንም አንዲት ታላቄ እንኳ አንቺ በዪኝ ብላኝ አታውቅም። እንዴት እንደሚባል አላውቅም ነበር።»

ስለዚህ አክስቴ፣ ልቆጣዎ ፈልጌ ነበር የጀመርኩት፤ አሁን ማመስገን ያለብኝ ይመስለኛል። ግን ሌላ ጥቅል አይላኩ።

ሶዳም


ቦኹም፣ መጋቢት 3 ቀን 1987

ሶዳምዬ፣

ይቅርታሽን እለምናለሁ። ያኔ መናገር ሲገባኝ ዝም አልኩ፤ አሁን ዝም ማለት ሲገባኝ በፖስታ ለፈለፍኩ። ከእንግዲህ ሳልጠይቅሽ ምንም አልልክም። ያቺ ሴት ግን ወድጃታለሁ፣ ንገሪያት።

ምርጫው እስኪያልፍ እንድትጽፊልኝ አልጠብቅም። ካለፈ በኋላ ግን ጥሩም ይሁን መጥፎ ጻፊልኝ፤ ምንም ሳትሸፍኚ።

ማልሱን


ዴጆን፣ ግንቦት 31 ቀን 1987

የተከበሩ አክስቴ፣

ሰላምዎ ይብዛ፣ ሞገስዎም። ሳልሸፍን እጽፋለሁ ብዬ ቁጭ ብያለሁ።

ምርጫው አምስት ቀን ነበር። ሜዳ ውስጥ ያለውን እንደ ሜዳው ቋንቋ ልጽፈው ነው፤ አይቀየሙኝ። መጀመሪያ ቀን ላይ ከልምምዱ ይበልጥ ጮኼ «የኔ!» ስላት ጁራን ደንግጣ ቆማ አየችኝ፣ ነጥቡንም አጣነው። «ምን ታፈጫለሽ? ተንቀሳቀሺ!» አልኳት። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም። እሷ ግን ሳቋን መያዝ አቅቷት ዳኛው አስጠነቀቃት። ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ቀለለ። እሷ ወደ ኋላ መሮጥ አትችልም፣ ስለዚህ ኋላው በሙሉ የኔ ሆነ፤ እሷ መረቡ ጋ ቆማ ያመጣሁላትን ላባ እዚያው መትታ ትጥላለች። በአራተኛው ቀን ድምፄ ተዘጋ። ከተመልካቾቹ አንድ ሽማግሌ «ይህቺ ልጅ ምን ዓይነት ስግብግብ ናት? ሁሉ የኔ፣ ሁሉ የኔ!» ሲሉ ሰማሁ። ጁራን ዞራ «አስተማሪዋ ነኝ!» አለቻቸው።

በመጨረሻው ቀን አሥራ አራት ለአሥራ ሁለት ስንመራ፣ አንድ ነጥብ ሲቀረን፣ ላባዋ እንደገና መሐል ለመሐል መጣች። ጮኽኩ፣ እሷ ጎንበስ አለች፣ በጭንቅላቷ ላይ አሳልፌ መታሁ። አሸነፍን። ስማችን ዝርዝሩ ላይ ወጣ፤ ባንግ ሶዳምና ቻ ጁራን፣ ጎን ለጎን። አባቴ ስልክ ላይ እያለቀሰ ጉንፋን ነው አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ጁራን አሰልጣኝ ፒዮ ዘንድ ገብተው ስለ ጉልበታቸው ሁሉንም ተናገሩ። ከዝርዝሩ ስማቸውን አስወጡ። በቦታቸው ጂሱክ ገባች። ይህን የሰማሁት ልብሳቸውን ሻንጣ ውስጥ ሲያጥፉ ካገኘኋቸው በኋላ ነው።

ደሜ ፈላ። «አንቺ ውሸታም!» ብዬ ጮኽኩባቸው። «ያን ሁሉ ቀን እያወቅሽ ነበር!»

«ፈቃዱ ለሜዳ ብቻ ነበር» አሉኝ፣ ሸሚዙን እያጠፉ። «ተደብቄ ያማከርኩት ሐኪም ለአንድ ውድድር የሚሆን ጉልበት ቀርቶልሻል አለኝ። ያችን አንዷን ለአንቺ ምርጫ አዋልኳት። ቀድሜ ብነግርሽ ኖሮ እየራራሽልኝ ትጫወቺ ነበር፤ የሚራራ ሰው ደግሞ አይጮህም።»

ተቀምጬ አለቀስኩ። እሳቸውም አጠገቤ ተቀመጡ። መራጮቹ ያዩት እኔን ነበር አክስቴ፣ እሳቸው ያንን ከመጀመሪያው አውቀውታል። የምፈልጋቸው ሁለት ነገሮች አብረው አይሆኑም ብዬ ጽፌልዎ ነበር። እኔ እስክመርጥ አልጠበቁኝም፤ መረጡልኝ። አሁንም በዚህ እበሳጫለሁ። አመሰግናቸዋለሁም።

ትናንት አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ ሸኘኋቸው። ወደ ትውልድ ከተማቸው ነው የሄዱት፤ አንድ ትምህርት ቤት ልጆች ሊያሠለጥኑ። ሻንጣቸውን እኔ ተሸከምኩ፣ በዚህስ አልተከራከሩኝም። ጣቢያው ውስጥ ቆመን ትኩስ ኑድል በላን። አውቶቡሱ ሞተሩን ሲያስነሳ ደረጃው ላይ ወጥተው ዞሩ።

«ከእንግዲህ አብረን የምንገባበት ሜዳ የለም፣ መስመርም የለም» አሉኝ። «እስቲ እዚሁ አንቺ በዪኝ። ለሁልጊዜ ፈቅጄልሻለሁ።»

አፌን ከፈትኩ። «መንገድዎን ያቅናልዎ» አልኩ።

ሳቁ። «አሁንም ትፈሪኛለሽ?»

«አልፈራዎትም።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?»

«አንቱ ልልዎ ስለምፈልግ ነው።»

በሩ ሲዘጋ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ፤ ታናሽ ለታላቅ እንደምታደርገው። አውቶቡሱ ከጣቢያው እስኪወጣ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ወደ ልምምድ ተመለስኩ፤ ጂሱክ ሜዳው ላይ እየጠበቀችኝ ነበር።

የወንድምዎ ልጅ፣
ሶዳም